በገዳሪፍ ሐሩር «በረደኝ» ያለው ማሽን

ጡረታ የወጣሁት ከመነጽሬ ጋር ተጣልቼ ነው። እሱ «እዚህ ላይ ሁለት ነጥብ አለ» ይለኛል፤ እኔ «አንድ ነው» እለዋለሁ፤ ሲጣራ ሁልጊዜ እውነቱ ከእሱ ጋር ይሆናል። ኮድ የሚጽፍ ሰው ነጥብ መሳት ከጀመረ ደግሞ ጨርቁን ትቶ ጣቱን የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ማለት ነው። የሚያሰናብተኝ መሥሪያ ቤት ስላልነበረኝ፣ ራሴ አለቃ ራሴ ሠራተኛ ሆኜ ስብሰባ ጠራሁ። አለቃው ስለ ሠራተኛው ረዘም ያለ ምስጋና አቀረበ። ሠራተኛው እንባው መጣ። ባለቤቴ ዘይነብ ከጓዳ ሆና «ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወራ?» አለችኝ። በዚያው ስብሰባው ተበተነ።

አሁን ቀኔን የማሳልፈው በግቢያችን ራኩባ ሥር ነው፤ በባላ ላይ የቆመች የሣር ጥላ ናት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከተማውን ስታንበረክከው፣ ሪክሻ የምንላቸው ባጃጆች እንኳ ጩኸታቸውን ሲውጡ፣ በገመድ አልጋዬ ላይ ጋደም እላለሁ። እንቅልፍ አይደለም፤ ንቃትም አይደለም። ከእህል ገበያው የተነሣ የሰሊጥ ገለባ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ እየዋኘ ያልፋል፤ የሥራ ዘመኔም አብሮት እየዋኘ ያልፋል። ግማሹን ሠርቼዋለሁ፣ ግማሹን አልሜዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ወሰን እንደ መተማና እንደ ገላባት ነው፤ አንዲት አጭር ድልድይ ናት፣ ስትሻገራት አይታወቅህም።

እኔም በዚያችው ድልድይ ነው የመጣሁት፣ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ገባሁ። በዚያን ጊዜ የእኛ ሙያ አንድ ታላቅ ጥበብ ነበረው፦ ፊውዝ ሲቃጠል ሽቦ ጠምዝዞ ማለፍ። ፊውዝ ማለት፣ ዕቃው እንዳይቃጠል ቀድሞ የሚቃጠል ትንሽ ዘብ ነው። እኛ ዘቡን አንሥተን በሩን ክፍት እንተወዋለን። ሬዲዮው ይጮሃል፣ ደንበኛው ይስቃል፣ «አላህ ይባርክህ» ብሎ ይሄዳል። ሬዲዮው ከነጭራሹ ሲነድም ይዞት የሚመጣው ወደ እኛው ነው። ከዚህ የተሻለ ንግድ ከየት ይገኛል? ይህን ጥበብ እጄ እንጂ ጭንቅላቴ አልተማረውም፤ ጭንቅላቴ ቢማረው ኖሮ ኋላ የሚረሳው ጊዜ ይመጣ ነበር።

ቀጥሎ ሾዋክ ከተማ ላይ፣ በአንድ የስደተኞች ጽሕፈት ቤት፣ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሆንሁ። አለቃዬ ደግ ሱዳናዊ ነበር። ሐሙስ ሲመሽ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ነጭ ጨርቅ እያለበሰ «ዓርብ ለእነሱም ዓርብ ነው» ይል ነበር። ተከራክሬው አላውቅም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ ከጨርቁ ሥር የተገኘሁት እኔ ነኝ፣ እያንኮራፋሁ። ደሞዙን ብትጠይቁኝ፣ ይመጣ ነበር፤ ግን ተቀምጦ ሻይ አይጠጣም ነበር።

ኡስታዝ ባቢክርን ያገኘሁት እዚያ ነው። የስልክ መሐንዲስ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ጀላቢያቸው አቧራ የማይነካው ሰው ናቸው። አማርኛን ከመተማ ሰሊጥ ነጋዴዎች ስለተማሩት፣ «እንዴት አደርህ» ሲሉ እንኳ ዋጋ የሚቆርጡ ይመስላሉ። አንድ ቀን ዲስክ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ያ ይመር፣» አሉ እንደ ዐረብኛው ሲጠሩኝ፣ «ሬዲዮ ስትጠግን መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ጀርባውን እከፍታለሁ።»

«ይኼ ጀርባው ክፍት የሆነ ሥርዓት ነው። ማንም ያየዋል፣ ማንም ያርመዋል። ግን በር አለው፣ በሩም ላይ ሰው አለ።»

ያ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ነው። እምብርቱ ከርነል ይባላል። ተጠቃሚ አያየውም፤ ነገር ግን ቁልፍ ሲነካ፣ ሽቦ ሲሰካ፣ ባትሪ ሲሞላ በዕቃውና በፕሮግራሙ መካከል እየተመላለሰ የሚያስማማው እሱ ነው። የሚጠግኑት በዓለም ዙሪያ የተበተኑ ሰዎች ናቸው። የሚልኩትን እርማት ፓች ይሉታል፤ በተቀደደ ልብስ ላይ እንደሚጣፍ እራፊ። የከርነሉ እያንዳንዱ ጥግ የራሱ ጠባቂ አለው። እራፊህን በኢሜይል ትልክለታለህ፤ ስፌቱን ገልብጦ ያየዋል፤ ካልጣመው ይመልስልሃል። ሁሉም ነገር በአደባባይ ነው፤ ምስጋናውም ተግሣጹም ዓለም እያየ። ለኔ ቢጤ አፈ ሰፊ ይህ ትልቅ ፈተና ነበር።

ኡስታዝ ሥራውን ያስተማሩኝ ከኮዱ ሳይሆን ከመልእክቱ ጀምረው ነው። ከእያንዳንዱ ፓች ጋር የሚሄድ ማብራሪያ አለ፤ እሱን ሳልጽፍ ኮዱን እንድነካ አይፈቅዱልኝም። «ምን ታመመ? ማንን አመመው? ለምን በዚህ መድኃኒት?» ይሉኛል። እኔ «እጅግ አስደናቂ ማሻሻያ» ብዬ ስጀምር፣ ብዕራቸውን አውጥተው «እጅግ»ንም «አስደናቂ»ንም ይሰርዛሉ፤ አንዳንድ ቀን ከእኔ ጽሑፍ የሚተርፈው ነጠላ ሰረዙ ብቻ ነበር። ከዚያ ኮዱን ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው፣ መስመር ባለቀ ቁጥር ሻይ እየተጎነጩ። ሻዩ ካለቀና ኮዱ ካላለቀ «ረዝሟል፣ ቁረጠው» ይላሉ። በመጨረሻም «ይደር» ይላሉ። ያላደረ ፓች ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። «ሊጥ እንኳ ያድራል። ጠዋት ስታየው ያልቦካው ይታወቅሃል።»

ለዓለም ያበረከትሁት የመጀመሪያ ነገር አንዲት ፊደል ናት። በኮዱ መካከል ባለ ማስታወሻ ላይ አንድ ቃል ፊደል ጎድሎት አገኘሁና አስተካክዬ ላክሁ፤ ተቀበሉኝ። ያን ቀን ሾዋክ ገበያ ውስጥ እንደ ዳኛ ነበር የምራመደው። ዘይነብ «ምን አገኘህ?» ስትለኝ «የዓለምን ማሽን አስተካከልሁ» አልኋት። «የእኛን በር መቼ ታስተካክላለህ?» አለች። በሩ እስከ ዛሬ ይንሻፈፋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ እራፊ ጣፍሁ፤ አብዛኛው ለማንም ትዝ የማይል ነው። አንዱን ግን ሳልተኛም ስተኛም አየዋለሁ።

ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቼ ገዳሪፍ ላይ ሶላርና ኮምፒውተር ስጠግን ነው፤ ሲስተር ለተብርሃን ሱቄ ገባች። አዋላጅ ነርስ ናት። ከትግራይ ሸሽታ ወደ መንደር ስምንት፣ ወደ ስደተኞች መሸጋገሪያው መጣች፤ ሌላው ሲያልፍ እሷ እዚያው ቀርታ በትንሿ ክሊኒክ ታዋልድ ነበር። አጭር ናት፤ ስትናገር ግን ሰው ወደ ላይ ያያታል።

«ዓሚ ይመር እርስዎ ነዎት? ማሽን የሚያነቡ?» አለችኝ፤ «ዓሚ» በዚህ አገር አጎቴ ማለት ነው።

«ማሽኑ ካላፈረ።»

«የኔ አያፍርም፣ ይዋሻል» አለችና ተቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሊኒኩ ውስጥ በሶላር የሚሠራ የመድኃኒት ፍሪጅ አለ። በውስጡ፣ ወልዳ ደም የሚፈስሳትን እናት ደም የሚያቆም መርፌ አለ፤ ያ መርፌ ሙቀት ካገኘው ኃይሉ ያልቃል። የፍሪጁን ባትሪ የምትቆጣጠር የእጅ መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር አለች፤ በእሷ ውስጥ የሚሠራው ያው ከርነል ነው። ፀሐይ በበረታች ጊዜ፣ ባትሪው ሊጠግብ በሚገባው ሰዓት፣ መሙላቱ ቀጥ ይላል። ሲመሽ ፍሪጁ ይሞታል።

«ምክንያቱን አይናገርም?»

«ይናገራል እንጂ። ‹ባትሪው ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ቀዝቅዟል፣ መሙላት አይቻልም› ይላል።»

እንባዬ እስኪፈስስ ሳቅሁ። «በዚህ ሐሩር? ጋቢ አልብሰሽው አይተሻል?»

አልሳቀችም። «ዓሚ፣ ያለፈው ሳምንት ያለኝን መድኃኒት በሙሉ ጣልሁ። አሁን መውለጃቸው የደረሰ ሴቶች አሉኝ። እርስዎ ስቀው ሲጨርሱ ይንገሩኝ፤ እጠብቃለሁ።»

በማግሥቱ በሾዋክ አውቶቡስ፣ ከዚያም በፒካፕ ጀርባ፣ መንደር ስምንት ደረስሁ። ማሽኗን ከፍቼ አየሁ። ከርነሉ ውስጥ «ባትሪው ከቀዘቀዘ አትሙላ፣ ከጋለም አትሙላ» የሚል ጥበቃ አለ። የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ልፈልግ ይገባኝ ነበር። የኔ እጅ ግን የፊውዝ እጅ ነው፤ ዘቡን ሲያይ ሽቦ አማረው። ጥበቃውን ከነሥሩ የሚነቅል ፓች ጻፍሁ። ለኡስታዝ አላሳየሁም፤ እሳቸው ያሉበት ገዳሪፍ እስክመለስ ማን ይጠብቃል? ሳላሳድረውም ላክሁት።

የዚያ የከርነል ጥግ ጠባቂ፣ በሩቅ በረዶ አገር ያለ ሰው፣ በጥቂት ቃል መለሰልኝ፦ «ይህ ጥበቃ የቆመው ባትሪውን ለማዳን ነው። ጥበቃውን አታንሣ፤ ለምን እንደተሳሳተ ፈልግና ንገረን።»

በልቤ «የበረዶ አገር ሰው ስለ ሙቀት ሊያስተምረኝ!» አልሁና ፓቹን በክሊኒኩ ማሽን ላይ ጫንሁት። ባትሪው ሞላ፤ ፍሪጁ ሌሊቱን አንጎራጎረ። ሴቶቹ እልል አሉልኝ፤ አንዷ ለልጄ ስምዎን አወጣለሁ አለችኝ። ከእልልታው ጋር ገዳሪፍ ገባሁ።

ሐሩሩ በበረታ በአንዱ ቀን ባትሪው እንደ እርጉዝ አበጠ፤ ሽፋኑ ተሰነጠቀ፤ ፍሪጁ ሞተ፤ መድኃኒቱ ፈላ። በዚያው ቀን የመጀመሪያ ልጇን የወለደች አንዲት ልጅ ደም ፈሰሳት። ለተብርሃን የልጅቱን ሆድ በጡጫዋ ተጭና፣ በፒካፕ ሾዋክ ድረስ ሳትለቅቃት ወሰደቻት። ልጅቱ ተረፈች። ተረፈች እላለሁ፤ ከዚያ በላይ ለማለት አፍ የለኝም።

ለተብርሃን ያበጠውን ባትሪ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ሱቄ መጣች። ስትጮህ በቻልሁት ነበር፤ አልጮኸችም።

«ይኼ የርስዎ ነው» አለች። «አዲስ ባትሪ ይላካል ብለውኛል። እሱን የሚነኩት ኡስታዝ ባቢክር ያዩትን ነገር ይዘው ሲመጡ ብቻ ነው።»

ኡስታዝ በዚያን ጊዜ በእርጅና ቤት ውለው ነበር። ከረጢቱን ይዤ ሄድሁ። አዩት፤ አገላበጡት፤ ሻይ አስመጡ።

«ምን ታመመ?» አሉኝ።

«ባትሪው።»

«ባትሪው አልታመመም፤ ገድለኸዋል። ከዚያ በፊት ምን ታመመ?»

የከረጢቱን አፍ መልሼ አሠርሁት። «አየህ፣ መልእክቱን ብትጽፍ ኖሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ትወድቅ ነበር። ብዕር ላይ መውደቅ አጥንት አይሰብርም» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ከዚህ ሌላ አልገሠጹኝም፤ የከበደኝም እሱ ነው።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ኮዱን እያነበብሁ በአልጋዬ ላይ ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ የጉድጓድ ደረጃ እወርዳለሁ። ላይኛው ደረጃ በረዶ ነው፤ ዝቅ ስል ውርጭ፣ ቀጥሎ እንደ ጎንደር ጠዋት፣ ቀጥሎ የገዳሪፍ ጥላ፣ ቀጥሎ የገዳሪፍ ፀሐይ። ሃምሳ ዲግሪ ላይ ደረጃው አለቀ። እግሬን ወደ ታች ሰደድሁት፤ ያረፈው ግን ላይኛው በረዶ ላይ ነው። በርዶኝ ነቃሁ፣ በዚያ ሙቀት! ዘይነብ ትኩሳት መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች።

ነገሩ ያ ነበር። ኮዱ ባትሪው ላይ የተለጠፈችውን የሙቀት መለኪያ ንባብ ወደ ዲግሪ የሚተረጉምበት ሰንጠረዥ ከብርድ ጀምሮ ወደ ሙቀት ይወርዳል። የጻፈው ሰው ባትሪ ከሃምሳ በላይ ይደርሳል ብሎ አላሰበም። ንባቡ ከመጨረሻው ረድፍ ሲያልፍ ፈላጊው ኮድ ባዶ እጁን ይቀርና የጀመረበትን ረድፍ ይመልሳል። የጀመረበት ብርድ ነው። ማሽኗ አልዋሸችም፤ ደረጃ አልቆባት ነው።

ለኡስታዝ ስሮጥ ሄጄ ሕልሜን ነገርኋቸው። «ማሻአላህ» አሉ፤ «ሳትተኛ ብታነበው ኖሮ ደግሞ ያለ ሕልም ታገኘው ነበር።»

ለተብርሃን ግን አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። «ገባዎት አይደል? ለምን እዚሁ አስተካክለውልኝ አንጨርስም? ከሩቅ ሰው ጋር መጻጻፍ ምን ይሠራልናል?»

«አሁን ባስተካክለው፣ ማሽኑን የሚያቀርቡት ሰዎች እድሳት ሲልኩ የኔ ሥራ ይጠፋል። እነሱ የሚወስዱት ከርነሉ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። እድሳቱ ደግሞ ከበልጉ ሐሩር በፊት ይመጣል ብለዋል።»

«ከዚያ በፊት ካልገባስ?»

«በሐሩሩ ወር ማሽንሽ ተመልሶ ይበርደዋል። የአንቺ ብቻ አይደለም፤ እንደ አንቺ ያለው ክሊኒክ ሁሉ።»

ትንሽ አሰበች። «በሉ ይነሡ እንግዲህ» አለችኝ። ተቀምጬ ነበር።

ሰንጠረዡን ወደ ታች ለማስረዘም፣ መለኪያዋ ከሃምሳ በላይ ስትሞቅ ምን እንደምትል ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ምድጃ ላይ ድስት ጣድን። መለኪያዋ እንዳትርስ ለተብርሃን የላስቲክ ጓንት ጣት ቆርጣ አለበሰቻት። የክሊኒኩ ቴርሞሜትር አርባ ሁለት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ ሕመምተኛ የለምና። ሾዋክ ካለ አይብ ሠሪ የወተት ቴርሞሜትር ተዋስሁ። እሷ ዲግሪውን ታነብባለች፣ እኔ ላፕቶፑ ላይ የመለኪያዋን ንባብ እመዘግባለሁ። ውኃው ቀስ እያለ ይሞቃል፤ እንፋሎቱ ይነሣል፤ ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ይሆናል፤ «ሃምሳ አምስት… ሃምሳ ስድስት…» ጥላው ደስ ይላል…

«ዓሚ! ተኝተዋል?»

«የለም፣ እያሰብሁ ነው።»

«ሲያስቡ ያንኮራፋሉ?»

«ያመለጠኝ ስንት ነበር?»

«ዲግሪውን እኔ አንብቤዋለሁ፤ ማሽኑ ያለውን ግን ማን ይንገርዎት! ዋይ፣ ከእርስዎ ጋር ማዋለድ ቢሆን ልጁ ብቻውን ይወጣ ነበር።» ድስቱ ዙሪያ የተሰበሰቡት እናቶች በትግርኛም በአማርኛም ሳቁብኝ። ያመለጠኝን ረድፍ ከላይና ከታቹ ገምቼ ሞላሁት፤ ማን ያውቃል ብዬ።

ፓቹን ኡስታዝ ጮክ ብለው አነበቡት፣ ሻይ ተጎነጩ፣ ሰረዙ፣ አሳደሩት። በዚያ ወራት በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ አንዲት ሻይ ሻጭ ራኩባዋ ላይ የሳተላይት ሳህን ተክላ ነበር። ከካርቱም የተፈናቀሉት ሁሉ እዚያ ተኮልኩለው «አለን» ይላሉ፣ «አላችሁ ወይ» ይላሉ። እኔም በመካከላቸው ተቀምጬ ስለ ሙቀት መለኪያ ሰንጠረዥ እልካለሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ስክሪኔን አይታ «ይኼ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው?» አለችኝ። «ለአንድ ፍሪጅ» ስላት ወንበሯን ትንሽ ራቅ አደረገች።

የጠባቂው መልስ መጣ፦ «ሁለት ሥራ በአንድ ፓች ውስጥ ገብቷል። ሰንጠረዡ ሲያልቅ ወደ ብርድ መመለሱ አንድ ስሕተት ነው፤ ሰንጠረዡ ማጠሩ ሌላ ነው። ለያይተህ ላክ።»

ተናደድሁ። ኡስታዝ ግን ተደሰቱ። «ሰሊጥና ማሽላ በአንድ ጆንያ ቀላቅለህ ገበያ ብታወጣ ማን ይገዛሃል? ደላላው ጆንያህን ወግቶ ሲያይ ምን ይልሃል?»

«‹ሂድ አንተ ሌባ› ይለኛል።»

«ይኼ ሰው ጨዋ ነው፤ ሌባ አላለህም። በል ለይ።»

ለየሁ። የመጀመሪያው ፓች፣ ንባቡ ከሰንጠረዡ ካለፈ የመጨረሻውን ሙቀት እንዲመልስ፤ ሁለተኛው፣ ሰንጠረዡን እስከሚያስፈልገው ድረስ የሚያስረዝም። ጥበቃውም በቦታው ቆመ፤ ስድሳ ዲግሪ ሲደርስ መሙላቱን ያቆማል፣ የባትሪው ሠሪ እንዳዘዘው። አደረ፤ ሄደ። መልስ መጣ፦ «የአንተን ቁጥሮች ከመለኪያው ሠሪ ወረቀት ጋር አመሳክሬያቸዋለሁ። አንድ ረድፍ ብቻ አይገጥምም። እዚያ ላይ ምን ሆነ?»

ያቺ የተኛሁባት ረድፍ ናት። ለኡስታዝ ስነግራቸው ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፤ ውኃ አጠጣኋቸው። «ጻፍለት» አሉኝ።

«ተኝቼ ነበር ብዬ?»

«እውነት ነው አይደል?»

ጻፍሁ፦ «ያን ረድፍ ስለካ አሸልቤ ነበር፤ አስተካክዬዋለሁ።» ዓለም እያየ። ጠባቂው «ይህን ያህል ግልጽ ምክንያት ተቀብዬ አላውቅም» ብሎ መለሰ፤ ቀጥሎ ግን ጠየቀ፦ «ለመሆኑ በሥራ ላይ ያለ ባትሪ ከሃምሳ በላይ የሚደርሰው የት ነው? ይህ በመልእክቱ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ተጨማሪዎቹ ረድፎች አያስፈልጉም ብሎ ያጠፋቸዋል።»

ረጅም መልስ አዘጋጀሁ። ፀሐዩን፣ አቧራውን፣ የቆርቆሮ ጣራውን፣ የሸሹትን ሰዎች፣ ደሟ የፈሰሰውን ልጅ፣ ሁሉንም አስገባሁ። እያነበብሁት አለቀስሁ። ኡስታዝም አነበቡት፤ ብዕራቸውን አወጡ፤ አመነቱ፤ ከዚያ እያዘኑ ሰረዙ። የተረፈው ይህ ነበር፦ «በምሥራቅ ሱዳን፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ባለ ክሊኒክ፣ ከሰዓት በኋላ የተለካ። መሙላት ሲቆም የመድኃኒት ፍሪጁ ይጠፋል።»

«ልጅቱስ?» አልሁ።

«ፍሪጁ ውስጥ ናት» አሉኝ።

የመጨረሻው ነገር ስም ነው። ፓች ሲገባ ከሥሩ ጸሐፊው፣ መርማሪውና በእውነተኛ ዕቃ ላይ የሞከረው ሰው ስማቸው ይሰፍራል። ለተብርሃንን ጠየቅኋት፤ ትክክለኛውን እርማት በአዲሱ ባትሪዋ ላይ፣ ኡስታዝ ካዩት በኋላ፣ ስትሞክረው ሰንብታለችና።

«እኔ ኮድ አላውቅ!»

«ባትሪውን ታውቂዋለሽ። የሚጠየቀው እሱ ነው።»

«ከዚህ በፊት የጫኑብኝን፣ ባትሪውን የገደለውንም ሞክራለች ብለው ይጻፉ።»

«እሱን ዓለም ያውቀዋል፣ አይተውኛል።»

ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሳቀችልኝ። «እንግዲያው ስሜን አያሳጥሩት። ከነአባቴ።»

ከነአባቷ ጻፍሁ። ጠባቂው «ገብቷል፤ አመሰግናለሁ» አለ። እነዚያን ሁለት ቃላት ለኡስታዝ ወስጄ አሳየኋቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሻይ ቀዱልኝ፤ እሳቸው በእጃቸው ሻይ ሲቀዱልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ግን ከርነል ውስጥ መግባትና መንደር ስምንት መድረስ አንድ አይደለም። አቅራቢዎቹ ይወስዱት እንደሆነ፣ በጊዜ ይወስዱት እንደሆነ ማን ያውቃል? ሰሊጡ ተሸጠ፤ መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ ሐሩሩ ገባ። «እድሳቱ ዛሬ ይጫናል» የሚል መልእክት ሲመጣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርሁ።

ስደርስ ለተብርሃን ምጥ የያዛት ሴት ይዛለች። በበሩ መጋረጃ በኩል ራሷን አወጣች።

«ማሽኑ ጠፍቷል ዓሚ! ራሱን በራሱ አጠፋ!»

«እድሳቱ ነው፣ ይነሣል።»

«ካልተነሣስ?»

ፍሪጁ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ከቆርቆሮው ሙቀቱ እንደ ውኃ ይወርዳል። ከመጋረጃው ወዲያ ሴትዮዋ ታቃስታለች፤ ለተብርሃን «አይዞሽ፣ በርቺ፣ መጣ» ትላለች። ትንሿ ስክሪን ጨለማ ናት። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈች፤ ሌላ መስመር፤ መነጽሬን አወለቅሁት፣ ጠረግሁት፣ መለስሁት። እስኪያልቅ እንደ ጸሎት ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አነበብሁ። ባትሪው ሃምሳ አራት ዲግሪ ነው ትላለች። እየሞላሁ ነው ትላለች። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጠቀጠና ማንጎራጎር ጀመረ።

«ሲስተር!» ብዬ ጮህሁ።

ሕፃኑ ቀደመኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ጩኸቱ ሲሰማ የኔን ድምፅ ማንም አልሰማውም። ለተብርሃን ክንዷ እስከ ክርኗ ደም ሆኖ ፈጥና ወጣች፤ ጓንቷን ገፍፋ ጣለች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ ብልቃጧን አነሣች። አንዲት ቅጽበት ቆመች፣ በመዳፏ ጨበጠቻት፤ ከዚያ ምንም ሳትል ብልቃጧን ጉንጬ ላይ አሳረፈቻት።

በዚያ ሐሩር! ዓይኔን ጨፈንሁ። ጠዋት ነበር፣ ጤዛ ነበር፣ ሰማይ ሁሉ ወደ ጉንጬ ወረደ።

«ድገሚኝ» አልኋት።

«መድኃኒት ነው እንጂ ሎሚ ውኃ መሰለዎት? ዞር ይበሉ ከበሩ!» አለችና መጋረጃውን ከፍታ ወደ ሴትዮዋ ገባች።